በሩን መቆለፍ ወይስ በሩን መጠበቅ?



ዛሬ በዚህ የቤተሰብ ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ በብዙዎቻችን ቤት እያለ በአደባባይ የማናወራው ነው። ይኸውም በዕድሜ የገፉና የመርሳት በሽታ የያዛቸው አባቶቻችንና እናቶቻችን ሳናያቸው ከቤት ወጥተው የመጥፋታቸው ነገር ነው። ነገሩን ከሩቅ አናመጣውም። እዚሁ ሐዋሳ፣ ከጎረቤታችን ቤት እንጀምር።

ጎረቤታችን ዕድሜያቸው ሰማንያን የተጠጋ አባት ናቸው። ሰዉ ሁሉ «ሐጂ» እያለ ይጠራቸዋል፤ እኛም ስማቸውን ትተን እንዲሁ እንጥራቸው። በጉልበታቸው ዘመን በሻሸመኔና በሐዋሳ መካከል እህል ሲነግዱ የኖሩ፣ የስንቱን ሰው ሒሳብ ያለ ወረቀት በቃላቸው ይይዙ የነበሩ ሰው ናቸው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ያ ሁሉ ሒሳብ ያመልጣቸው ጀመር። ለአንድ ባለ ሱቅ ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ። ዙህርን ሰግደው ከተነሡ በኋላ ጥቂት ቆይተው «ሰገድኩ እንዴ?» ይላሉ። ወደ አኺራ ከሄደ ብዙ ዓመት የሆነውን ወንድማቸውን «ምነው ዛሬ ቀረ?» ብለው ይጠይቃሉ። ቤተሰቡም «እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል» እያለ ያልፈው ነበር።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሐጂ ከእንቅልፋቸው ተነሡ። ውዱእ አደረጉ። ኩፊያቸውን ደፉ። የግቢውን በር ቀስ ብለው ከፈቱና ለሱብሒ ሰላት ወጡ። ሱብሒ ሊደርስ ሁለት ሰዓት ያህል ይቀረው ነበር። ደግሞም ይፈልጉት የነበረው መስጊድ የሰፈራችን መስጊድ አልነበረም፤ በልጅነታቸው ቁርኣን የቀሩበት፣ በሌላ አገር ያለ መስጊድ ነበር።

ባለቤታቸው አዛን ሲሰሙ ቢነቁ አልጋው ባዶ ነው። ትልቁ ልጃቸው ወደ መስጊድ ሮጠ፤ የሉም። ሰላቱ እንዳበቃ ኢማሙ በድምፅ ማጉያው ተናገሩ፤ ጀመዓውም ከመስጊድ ሳይበተን በየአቅጣጫው ተሰማራ። እኛም ወጣን። ባጃጅ የሚነዱ የሰፈሩ ልጆች ግማሾቹ ወደ መነኸሪያ፣ ግማሾቹ ወደ ሻሸመኔ መውጫ፣ ሌሎቹ ወደ ታቦር ተራራ ሄዱ። ሁላችንም በልባችን የፈራነውን ቦታ ግን ማንም በአፉ አልጠራውም። የሐዋሳ ሰው ሐይቁን ይወደዋል፤ ሌሊት በዳርቻው ጉማሬ ለግጦሽ እንደሚወጣም ያውቃል።

ሐጂ የተገኙት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከአሞራ ገደል ብዙ ሳይርቁ፣ በሐይቁ ዳር በተሠራው የአፈር ግድብ ላይ ተቀምጠው ነው። አንድ እግራቸው ባዶ ነው፤ ልብሳቸው እስከ ጉልበታቸው ርሷል። ዓሣ አጥማጅ ወጣቶች አይተዋቸው ጃኬት ደርበውላቸው ሻይ እያጠጧቸው ነበር። ሐጂም ወጣቶቹን «ጀመዓው የት ሄደ?» እያሉ ይጠይቃሉ። አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት ተገኙ።

በማግሥቱ ትልቁ ልጅ ገበያ ወጥቶ ትልቅ ቁልፍ ገዛ። በሩን ከውስጥ ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። በዚያው ሌሊት ሐጂ ተነሥተው በሩን ይደበድቡ ጀመር፦ «ሰላት አሳለፋችሁኝ! በገዛ ቤቴ አሰራችሁኝ?» አሉ፤ አለቀሱም። በሁለተኛውም ሌሊት እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ልጁ እኛ ዘንድ መጥቶ ዓይኑ ቀልቶ አንድ ጥያቄ ጠየቀን፦ «አባዬን ጠበቅኳቸው ወይስ በደልኳቸው?»

ይህ ጥያቄ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን።

ሕመም እንጂ ምግባር አይደለም

ከሁሉ በፊት ነገሩን በስሙ እንጥራው። «ጃጀ» የምንለው ሁሉ ተራ እርጅና አይደለም። ሽማግሌ መነጽሩን የት እንዳስቀመጠ ቢረሳ እርጅና ነው፤ መነጽር ለምን እንደሚያገለግል ከረሳ ግን ሕመም ነው። ከመርሳት በሽታዎች ሁሉ የሚበዛው አልዛይመር የሚባለው ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው በ50ዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረችን አንዲት ሴት አንጎል መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1906 ለሙያ ባልደረቦቹ ካስረዳው ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የመርሳት በሽታ ነበረባቸው፤ ከእነዚህም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በየዓመቱም 10 ሚሊዮን የሚጠጉ አዳዲስ ሕሙማን ይጨመራሉ። በአገራችን የሰው ዕድሜ እየረዘመ መምጣቱ ትልቅ ኒዕማ ነው፤ ከእርሱ ጋር ግን ይህም ፈተና እየሰፋ ይመጣል።

ከቤት ወጥቶ መጥፋት የዚህ ሕመም አንዱ ገጽታ ነው። የአሜሪካ የአልዛይመር ማኅበር እንደሚለው የመርሳት በሽታ ካለባቸው 10 ሰዎች 6ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ መንገድ ስተው ይጠፋሉ። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ከዚሁ ሕመም ጋር በተያያዘ ጠፉ ተብለው ለፖሊስ የተመዘገቡት ሰዎች 19 ሺህ ገደማ ነበሩ። በእኛም አገር በሬዲዮ፣ በየግድግዳው፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ በቴሌግራምና በፌስቡክ «አፋልጉን» እየተባለ ፎቶግራፋቸው ከሚወጣው መካከል አረጋውያን ምን ያህል እንደሚበዙ ልብ ያለ ሰው ያውቀዋል።

እነዚህ ሰዎች ዝም ብለው አይቅበዘበዙም። ሁሉም የሚሄዱበት ምክንያት አላቸው። ነጋዴ የነበረ ገበያው ያመልጠዋል፤ ልጆች ያሳደገች እናት «ልጆቼ ከትምህርት ቤት የሚወጡበት ሰዓት ደረሰ» ትላለች፤ ሰጋጅ የነበረ መስጊዱን ይፈልጋል። አንዳንዱ የተነሣው ሽንት ይዞት ሽንት ቤቱ ጠፍቶበት ነው። አንዳንዱ ርቦት፣ ጠምቶት ወይም አሞት በቃል መግለጽ አቅቶት ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግራ መጋባቱና መቁነጥነጡ የሚብስባቸውም ብዙ ናቸው።

በተለይ ይህን ልብ እንበል፦ ትናንት ደኅና የነበረ አረጋዊ በአንድ ቀን ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከተምታታበት ነገሩ ሌላ ነው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የስኳር መውረድ፣ የውኃ ጥማት፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት፣ ወይም ወድቆ ጭንቅላቱን መመታቱ ሊሆን ይችላልና ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይወሰድ። ቀስ በቀስ የመጣውም ቢሆን ምርመራ ይገባዋል። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀነስ፣ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ ከባድ ድብርትም መርሳትን ያመጣሉ፤ እነዚህ ደግሞ የሚታከሙ ናቸው። በሐዋሳ የዩኒቨርሲቲው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም አዳሬ ሆስፒታልም ከቤታችን ሩቅ አይደሉም። ሐጂን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ሐኪም ዘንድ አልወሰዳቸውም ነበር። ይህ የአንድ ቤት ጥፋት ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ነው።

የሚጮኸው አምባር

ሐጂ በአሜሪካ የምትኖር ልጅ አለቻቸው፤ እዚያ የምትሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው። የአባቷን ነገር በስልክ ስትሰማ ካለቀሰች በኋላ ወንድሟን እንዲህ አለችው፦ «እኛ ጋ እኮ እንደ አባዬ ያለውን ሰው ክፍሉ ውስጥ አንቆልፍበትም። አምባር እናደርግለታለን፤ በሩ ራሱ ይጠራናል።»

ይህ አምባር ምንድን ነው? የእጅ ሰዓት የሚያህል፣ በእጅ ወይም በቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ትንሽ ነገር ነው። በውስጡ ባትሪና የሬዲዮ ማስተላለፊያ አለው። በመጦሪያ ቤቱ በእያንዳንዱ መውጫ በር አጠገብ ደግሞ አንቴና ይተከላል። አንቴናው በበሩ ዙሪያ ጥቂት ሜትር ብቻ የሚደርስ ሞገድ ዘወትር ይለቃል። አምባር ያደረገ ሰው ወደዚያ ክልል ሲገባ አምባሩ ይነቃና የራሱን ቁጥር ያስተላልፋል። ያን ጊዜ መቆጣጠሪያው ወይ ደወል ያሰማል፣ ወይ የበሩን የመግነጢስ ቁልፍ ይይዛል፣ ወይም ሁለቱንም ያደርጋል፤ በተረኛዋ ነርስ ጠረጴዛ ላይ «በዚህ በር፣ እገሌ» የሚል ምልክት ይበራል። ሠራተኛውና ጠያቂው አምባር ስለሌላቸው እንደ ልባቸው ይገባሉ ይወጣሉ። ሐኪሙ ዘንድ ወይም አትክልቱ ቦታ ሊወሰድ የተነሣው ሰው ከጠባቂ ጋር ሲሆን፣ ጠባቂው የምስጢር ቁጥር ነክቶ አብሮት ያልፋል።

የዚህ መሣሪያ ብልሃት የቱ ላይ እንደሆነ እናስተውል። ቁልፍ ሰውን ከሰው አይለይም፤ ሁሉንም ያስራል። ይህ በር ግን ለማን መጮኽ እንዳለበት ያውቃል። ሰውየው በቤቱ ውስጥ፣ በኮሪደሩና በግቢው እንደ ፈለገ ይመላለሳል፤ ጥሪ የሚደረገው አደጋው ደጃፍ ሲደርስ ብቻ ነው።

ይሁንና መሣሪያው ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። የመጀመሪያውና ትልቁ ጉድለቱ ደወል ሰውን አለመመለሱ ነው፤ ሰውን የሚመልሰው ሰው ነው። ደወሉ በቀን ብዙ ጊዜ በከንቱ የሚጮኽ ከሆነ ሠራተኛው ጆሮው ይደነዝዝና የእውነቱም ደወል ሲጮኽ «ያው የተለመደው ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ሰው የሚያመልጠው መሣሪያው ተበላሽቶ ሳይሆን ደወሉን ዘግቶ፣ ዙሪያውን ሳያይ የተመለሰ ተረኛ ስላለ ነው። ስለዚህ በደኅና መጦሪያ ቤት ደወል ሲጮኽ መጀመሪያ በሩ ጋ ይደረሳል፤ ውጭው ይታያል፤ ከዚያ ሰዉ ሁሉ ይቆጠራል።

ሁለተኛ፣ አምባሩ በእጁ ላይ መኖሩና ባትሪው መሥራቱ በየቀኑ መታየት አለበት። ሦስተኛ፣ አምባሩ የሚናገረው በበሩ ላይ ብቻ ነው፤ ሰውየው አንዴ ካለፈ በኋላ የት እንደደረሰ አይነግርም። አራተኛ፣ እሳት ቢነሣ የሚቆለፈው በር መከፈት አለበት። ስለሆነም እንዲህ ያለው ቁልፍ የእሳት ማንቂያ ሲደወል ወይም መብራት ሲጠፋ በራሱ እንዲለቅ ሆኖ ይሠራል። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት በእኛ አገር ይህ ማለት በሩ ክፍት ሆኖ ደወሉም ሊተኛ ይችላል ማለት ነው፤ መጠባበቂያ ባትሪና ንቁ ዘበኛ የግድ ነው።

ይህን የምንጽፈው በአገራችንም መጦሪያ ቤቶች እየተስፋፉ ስለሆነ ነው። በአዲስ አበባ በአቶ ቢንያም በለጠ የተመሠረተው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ደጋፊ ያጡ በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖችን ከየጎዳናው እያነሣ ሲጦር ኖሯል። ከጎዳና የሚነሣ አረጋዊ ስሙንና አገሩን መናገር ካልቻለ ቤተሰቡን ፈልጎ ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም። ምናልባትም እርሱ እዚያ ምሳ ሲበላ ልጆቹ በሌላ ከተማ ፎቶግራፉን ይዘው ይዞሩ ይሆናል። በሐዋሳም ሆነ በሌላ ከተማ ነገ መጦሪያ ቤት ለመሥራት የሚያስቡ በጎ አድራጊዎች ሕንፃውን ከማቆማቸው በፊት በሩን እንዲያስቡበት አደራ እንላለን። ከመንገድ ወዲያው የማይታይ መውጫ፣ ዞሮ ወደ ተነሣበት የሚመልስ የእግር መንገድ፣ ጥላና መቀመጫ ያለው ግቢ ቢኖር ብዙ ደወል ሳይጮኽ ይቀራል። በጀርመን ዱሰልዶርፍ ከተማ፣ ቤንራት በሚባል ሰፈር ያለ አንድ መጦሪያ ቤት በደጁ አውቶቡስ የማይቆምበት ፌርማታ አሠርቷል። «ቤቴ ልሂድ» ብሎ የወጣው አረጋዊ እዚያ ይቀመጣል፤ ሠራተኛዋ መጥታ አብራው ትቀመጥና ጥቂት ካወሩ በኋላ «አውቶቡሱ ዘገየ፤ ገብተን ቡና ብንጠጣስ?» ትለዋለች።

ቁርኣን ምን ያስታውሰናል?

ሱረቱል ኢስራእ 23ኛውና 24ኛው አያ ላይ አላህ (ሱ.ወ.) ለወላጆች በጎ መዋልን እርሱን ብቻ ከማምለክ ጋር አያይዞ አዟል። በተለይም ከእኛ ዘንድ ሆነው ለእርጅና ሲደርሱ የመሰላቸት ድምፅ እንኳ እንዳናሰማቸው፣ እንዳንገላምጣቸው፣ መልካም ቃል እንድንናገራቸውና በእዝነት ዝቅ እንድንልላቸው አስተምሮናል። ሱረቱን ነሕል 70ኛው አያ ላይ ደግሞ ከሰዎች መካከል ካወቀ በኋላ ምንም ወደማያውቅበት ደካማ ዕድሜ የሚመለስ እንዳለ ተነግሮናል። እንግዲህ አባታችን ሲረሳን አላህ ያላሳወቀን ነገር አልደረሰብንም። የእኛ ፈተና ያኔ የምናሳየው ጸባይ ነው።

የሐጂ ልጅ የጠየቀው ጥያቄ ግን ከባድ የሚሆነው ሁለት ግዴታ ስለተጋጨበት ነው፤ ነፍስን ከአደጋ መጠበቅና አባትን አለማዋረድ። ሁለቱም ዋጂብ ናቸው። ስለዚህ «የእኔ አባት ይታሰራልን?» ብሎ በሩን ከፍቶ መተኛት ተወኩል አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ሳያስር በአላህ ሊመካ ላሰበው ሰው የሰጡትን ምክር ሁላችንም እናውቀዋለን። በሌላ በኩል ደግሞ አባት ግመል አይደሉም። ቆልፎ ሄዶ መተኛት ለእኛ እንቅልፍ ይሰጠናል፤ ለእሳቸው ግን እስር ቤት ነው። ሌላም አደጋ አለው፤ እሳት ቢነሣ ቁልፉ የተንጠለጠለበት አንገት የት እንዳለ ማን ያውቃል?

ሐጂን ያስጨነቃቸው ሰላታቸው ነው። አእምሮው የሄደ ሰው እስኪመለስለት ድረስ ቀለም ከተነሣላቸው ሦስቱ አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው። አእምሮው አልፎ አልፎ እየተመለሰ ለሚሄድ ሰው የሰላቱና የጾሙ ነገር እንዴት እንደሚሆን የየቤቱ ሁኔታ ይለያያልና ዓሊሞችን ጠይቁ። እኛ የምንለው ግን ይህ ነው፦ ሰላት ግዴታ ባይሆንባቸውም ፍላጎታቸው ነው። ስልሳ ዓመት ለሱብሒ የተነሣ ሰውነት ስሙን ቢረሳም ሰዓቱን አይረሳም።

በቤታችን ምን እናድርግ?

አንቴናና የመግነጢስ ቁልፍ ያለው መሣሪያ ለትልቅ ተቋም እንጂ ለአንድ ቤት የተሠራ አይደለም። ሐሳቡን ግን ወደ ቤታችን ማምጣት እንችላለን።

አንደኛ፣ በሩ ይናገር። በሩና ደፉ ላይ የሚለጠፍ፣ ሁለት ክፍል ያለው፣ በትንሽ ባትሪ የሚሠራ ማንቂያ አለ፤ በሩ ሲከፈት ሁለቱ ክፍሎች ይለያዩና ይጮኻል። እርሱ ከታጣ በግቢው በር ላይ የከብት ቃጭል ማንጠልጠል ይቻላል። አያቶቻችን ጥጃ እንዳይጠፋ በዚሁ ጠብቀዋል፤ በሩ ላይ እንጂ አባት ላይ እስካልሰቀልነው ድረስ ነውር የለውም። ቃጭሉን የሚሰማ ሰው ግን በቅርብ ይተኛ።

ሁለተኛ፣ ቀኑን ይሙሉት። በቀን ተቀምጦ ሲያንቀላፋ የዋለ አረጋዊ ሌሊት ይነሣል። ከዐሥር በኋላ ፀሐይዋ ስትበርድ በእግር ይውጡ፤ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር እህል ይልቀሙ፣ አትክልት ያጠጡ። ማታ ከመተኛታቸው በፊት ሽንት ቤት ይሂዱ፤ የሽንት ቤቱ መብራት ሌሊቱን ይብራ፤ በሩም ከአልጋቸው ሆነው የሚታይ ይሁን።

ሦስተኛ፣ አትሟገቷቸው። «እናቴ ዘንድ ልሂድ» ያሉትን ሰው «እናትህ ከሞተች ሠላሳ ዓመቷ ነው» ማለት እንደ አዲስ መርዶ ማርዳት ነው። መዋሸትም አያስፈልግም። «እስቲ ስለ እናትዎ ያጫውቱኝ፤ ምን ትሠራልዎ ነበር?» በሏቸው። ይህ ውሸት አይደለም፤ ልባቸውም ያርፋል።

አራተኛ፣ ስልክ ቁጥር ይያዙ። በማይዝግ ብረት ወይም በጨርቅ አምባር ላይ የቤተሰብ ስልክ ቁጥር ይጻፍ፤ በጀለቢያውና በኮቱ ውስጠኛ ጠርዝም ይሰፋ። በጃፓን ኢሩማ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2016 በአረጋውያን ጥፍር ላይ የሚለጠፍ፣ በስልክ ሲነበብ የከተማውን አስተዳደር ስልክ ቁጥር የሚሰጥ ትንሽ ምልክት ማደል ተጀምሯል። የእኛው አምባር ግን ማንኛውም ማንበብ የሚችል ልጅ የሚረዳው ነው።

አቅም ላለው ቤተሰብ ሲም ካርድ የሚወስድና ያለበትን ቦታ በስልክ የሚያሳይ የእጅ ሰዓት አለ። ይህ ደግሞ ከበሩ አምባር በተቃራኒ ከቤት ከወጡ በኋላ የሚጠቅም ነው። ነገር ግን በየቀኑ ቻርጅ ካልተደረገና ኔትወርክ ከሌለ ጌጥ ብቻ ነው። ለቁልፍና ለሻንጣ የተሠራው ኤርታግ የሚባለው ነገር ደግሞ በአቅራቢያው የሚያልፉ የአይፎን ስልኮችን የሚጠቀም ስለሆነ እንዲህ ያለው ስልክ በማይበዛበት ሰፈር ብዙ አይታመኑበት፤ ሠሪው ኩባንያም ለዕቃ እንጂ ለሰው መከታተያ እንዳልሆነ ተናግሯል።

አምስተኛ፣ ቀድማችሁ ጻፉ። በእንግሊዝ አገር ቤተሰቦች አንድ ቅጽ አስቀድመው ሞልተው ያስቀምጣሉ። ቅጹ የተሰየመው በኖርማንዲ ዘመቻ በተሳተፉት በጆርጅ ኸርበርት ነው፤ እሳቸውም በእርጅናቸው የልጅነት ቤታቸውን ፍለጋ ወጥተው ጠፍተው ሕይወታቸው ያለፈ ሰው ናቸው። በአንድ ወረቀት ላይ የቅርብ ጊዜ ፎቶግራፍ፣ ቁመት፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ የሚሰሙት ቋንቋ፣ የሚጠሩበት ስም፣ ቀድሞ የኖሩበትና የሠሩበት ቦታ ይስፈር። የሐጂ ልጆች ያን ቀን ሌሊት አባታቸው ምን እንደለበሱ መናገር እንኳ አልቻሉም ነበር። ሰው ሲጠፋም «እስኪመሽ እንይ» አይባልም፤ ወዲያው ለመስጊድ፣ ለጎረቤትና ለፖሊስ ጣቢያ ይነገር።

ስድስተኛውና ዋናው፣ አትደብቁ። በጃፓን ኦሙታ የምትባል ከተማ ነዋሪዎች መንገድ የሳተ አረጋዊ ሲያገኙ እንዴት ቀርበው እንደሚያናግሩት በየጊዜው ልምምድ ያደርጋሉ። ከፊት ለፊት ይቀርባሉ፣ በዝግታ ይናገራሉ፣ አይከቡትም። እኛስ? መስጊድ አለን፣ ዕድር አለን፣ ሰፈሩን እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ የባጃጅ ነጂ አለን። የጎደለን አንድ ነገር ነው፤ ቤተሰቡ በሐፍረት ስለሚደብቅ ጎረቤቱ አያውቅም። ያን ቀን ሌሊት ሐጂን መንገድ ላይ ያየ ሰው ኖሮ ቢሆን እንኳ «ሐጂ ዛሬ ማልደው ተነሡ» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ባለፈ ነበር።

የሐጂ ቤት ዛሬ

ወደ ጎረቤታችን እንመለስ። ለልጁ የሰጠነው መልስ «ጠብቀሃቸዋል፤ ግን ለብቻህ ጠበቅህ» የሚል ነበር። ትልቁ ቁልፍ ከበሩ ወረደ። በምትኩ በሩ ላይ ዓይን በማያርፍበት ከፍታ አንድ መቀርቀሪያ ተደረገ፤ ቃጭልም ተሰቀለ። የልጅ ልጆቹ በተራ በሩ አጠገብ ባለው ክፍል ይተኛሉ። ሐጂ ተመርምረው መድኃኒት የሚገባው መድኃኒት ተሰጠው፤ መርሳቱ ግን የሚድን ዓይነት አይደለም ተብሏል። ቤተሰቡም ነገሩን ለኢማሙ፣ ለጎረቤቱና ለመንገዱ የባጃጅ ነጂዎች ግልጥ አድርጎ ተናገረ።

ከሁሉ የበለጠው ለውጥ ግን የሱብሒው ነው። ከመታሰራቸው ይልቅ መወሰዳቸው ተመረጠ። አዛን ሲል አንዱ የልጅ ልጅ ክንዳቸውን ይዞ ወደ መስጊድ ይወስዳቸዋል። ከኢማሙ ኋላ ሲሰግዱ ረከዓ ቢያሳስቱም የሚደነቅ የለም። ሲመለሱ ሻያቸውን ጠጥተው ደኅና እንቅልፍ ይተኛሉ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚነሡበት ቀን አሁንም አለ። ቃጭሉ ይጮኻል፤ ልጁ ይነሣል፤ «አባባ፣ ገና ነው፤ ሲደርስ አብረን እንሄዳለን» ይላቸዋል። የሚያምኑት በየቀኑ አብሮ ስለሚሄድ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ቃጭሉ ጮኾ ሰሚ ሳያገኝ ሐጂ ወጡ። አንድ ባጃጅ ነጂ አስፋልቱ ዳር አያቸውና ቆሞ «ሐጂ፣ ወዴት ነው?» አላቸው። «ገበያ» አሉት። «እኔም ወደዚያው ነኝ፤ ይግቡ» ብሎ አሳፈራቸውና ሰፈሩን አንድ ጊዜ አዙሮ ደጃቸው አወረዳቸው። ቤት ያሉት ሰዎች መውጣታቸውን ያወቁት ሲመለሱ ነው። ሒሳብ ሊከፍሉት ቢሉ ነጂው አልቀበልም አለ፤ ሐጂ ግን ከፈሉት፤ ጥቂት ቆይተውም ሁለተኛ ሊከፍሉት እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ።

ዛሬ ዛሬ ሐጂ ትልቁን ልጃቸውን አንዳንዴ በወንድማቸው ስም ይጠሩታል። ልጁም መጀመሪያ ያርም ነበር፤ አሁን «አቤት» ይላል። ባለፈው ስናገኘው «ስሜን ቢረሱትም እጄን ያውቁታል» አለን።

ውድ አንባብያን! በቤታችሁ እንዲህ ያለ አባት ወይም እናት ካላችሁ ዛሬ ማታ ሳትተኙ ሁለት ነገር አድርጉ፤ ስልክ ቁጥራችሁን ልብሳቸው ላይ ስፉ፣ ለቅርብ ጎረቤታችሁም ንገሩ። እናንተ ወጣቶች ደግሞ በመንገድ ላይ የሚንገዳገድና ግራ የተጋባ ሽማግሌ ስታዩ አትለፉት፤ ቆማችሁ ሰላምታ ስጡ።

አላህ (ሱ.ወ.) ወላጆቻችንን በማያውቁበት ዕድሜ የሚያውቃቸው ሰው አያሳጣቸው፤ እኛንም እንዲሁ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ!